«ማን አይቶት ነው?» የፖሊፔፕታይድ ሰንሰለት ቅርጹን ሲለውጥ እንዴት ይታወቃል?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ስለ ፕሮቲን ያስተምር ነበር። እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ እንደማይጠፋ፣ የሚለወጠው ቅርጹ እንደሆነ ካስረዳ በኋላ በሰሌዳው ላይ አንድ ጥምዝምዝ ያለ ክርና አንድ የተፈታ ክር ሣለ። ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ማን አይቶት ነው?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ባልደረባችን ግን መሳቅ አልቻለም፤ «በመሣሪያ ተጠንቶ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ርእስ ተሻገረ። ማታ በመኝታ ክፍል ነገሩን ሲያጫውተን ሁላችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይተን ግን እኛም ብንጠየቅ ከዚያ የተሻለ መልስ እንደሌለን ተገነዘብን።

የልጅቷ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኝን፣ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥን አንድ ሞለኪውል ማንም ሰው በዓይኑ ቁጭ ብሎ አላየውም። ታዲያ ተጠምዝዟል፣ ተፈትቷል የምንለው በምን ማስረጃ ነው? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ከማስረጃዎቹ አንዱንና ዋነኛውን፣ ማለትም የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒን ነው። ስሙ ሲጠራ ምላስ ያደናቅፋል፤ ሐሳቡ ግን የስሙን ያህል አያስፈራም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ክሩን እንወቀው። ፖሊፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ ተከታትለው የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ሰንሰለት ሲሆን በመደበኛነት የሚገቡት የጨሌ ዓይነቶች ሃያ ናቸው። በ1951 ላይነስ ፖውሊንግ፣ ሮበርት ኮሪና ኸርማን ብራንሰን ይህ ሰንሰለት አልፋ ሄሊክስ ወደሚባል ጥምዝ ሊጠቀለል እንደሚችል አሳዩ። በዚህ ጥምዝ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶችን ይይዛል። ጥምዙን አጥብቆ የሚይዘው የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ ይኸውም የአንዱ አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ከእሱ አራት ጨሌ ርቆ ያለውን ሃይድሮጅን ይስባል። እነዚህ ትስስሮች ሲበጠሱ ሰንሰለቱ እንደተበተነ ክር ልቅ ይሆናል።

እንግዲህ ተመራማሪዎች ጥምዙ እንዴት እንደሚፈታ ማጥናት ሲፈልጉ እውነተኛ ፕሮቲን በጣም ተወሳሰበባቸው። ሃያ ዓይነት ጨሌ ባለበት ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ስለሆነም በአንድ ዓይነት ጨሌ ብቻ የተሠራ ሰንሰለት በላቦራቶሪ ሠሩ። ከእነዚህ እጅግ የታወቀው ፖሊ ጋማ ቤንዚል ግሉታሜት የሚባለው ነው። በ1950ዎቹ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዶቲና ባልደረቦቹ ይህን ነገር በክሎሮፎርም ሲያሟሙት ሰንሰለቱ እንደ በትር ቀጥ ያለ ጥምዝ ሆኖ አገኙት። በዳይክሎሮአሴቲክ አሲድ ሲያሟሙት ደግሞ ልቅ ክር ሆነ። ሁለቱን የመሰሉ ፈሳሾች በተመጣጠነ መጠን ሲቀላቀሉ ደግሞ አሲዱን ትንሽ መጨመር ወይም መቀነስ፣ ሙቀቱንም በጥቂት ዲግሪ መለወጥ ሰንሰለቱን ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ድንገት ያሸጋግረዋል።

እዚህ ላይ ተማሪን የሚያስገርም ነገር አለ። እንዲህ ባለው ድብልቅ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ሲሞቅ አይፈታም፤ ይጠመዘዛል! ከእንቁላሉ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ልቅ አድርጎ የያዘው በላዩ የተለጠፈው አሲድ ስለሆነ፣ ሙቀቱ አሲዱን ሲያራግፍለት ሰንሰለቱ ወደ ጥምዙ ይመለሳል። በእንቁላል ግን የተፈቱት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ፤ ለዚህ ነው የተቀቀለ እንቁላል ሲቀዘቅዝ ወደ ጥሬነቱ የማይመለሰው።

ዶቲና ባልደረቦቹ ይህን ያወቁት ፈሳሹ ምን ያህል እንደሚወፍርና የብርሃንን አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያዞር በመለካት ነበር። ጥሩ ዘዴ ነው። ጉድለቱ የሚሰጠው የጠቅላላውን መጠን ብቻ መሆኑ ነው። «ግማሹ ተፈትቷል» ይላል እንጂ በሰንሰለቱ ላይ ያለው አቶም የገጠመውን አይናገርም። አቶሙን ራሱን የሚያናግረው የማግኔቱ ዘዴ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። የሃይድሮጅን አቶም አስኳል አንድ ፕሮቶን ነው። (አስኳል ስንል የእንቁላሉን ማለታችን አይደለም፤ ስለ እንቁላል ስናወራ ስለቆየን ግራ እንዳያጋባ።) ይህ ፕሮቶን ራሱን እንደ ጥቃቅን ማግኔት አድርጎ ይሠራል። በኃይለኛ ማግኔት መካከል ሲቀመጥ እናቶቻችን መሬት ላይ እንደሚያሾሯት እንዝርት ይሆናል፤ እንዝርቷ በራሷ ስትሽከረከር አናቷ ደግሞ ቀስ ብሎ ክብ እየሠራ እንደሚዞር ማለት ነው። ይህ የአናት ዙር በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚሆን የሚወስነው የማግኔቱ ብርታት ነው። በ1.41 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ፕሮቶን በሴኮንድ 60 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይኸውም 60 ሜጋኸርዝ ይባላል። ይህ ማግኔት ኮምፓስ ከሚያዞረው የመሬት ማግኔታዊ መስክ ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ የበረታ ነው።

በዚህ ጊዜ ልክ ያንኑ ድግግሞሽ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ቢላክበት ፕሮቶኑ ሞገዱን ይቀበላል። ድግግሞሹ ትንሽ ከተዛባ አይቀበልም። ሬዲዮ ስንከፍት ጣቢያውን ለማግኘት ቁልፉን እንደምናዞረው ነው። ይህን በ1946 ይፋ ያደረጉት በስታንፎርድ ፌሊክስ ብሎክ፣ በሃርቫርድ ኤድዋርድ ፐርሰል ከየባልደረቦቻቸው ጋር ሲሆን፣ ብሎክ ውሃን፣ ፐርሰል ደግሞ ፓራፊን ሰምን ተጠቅመው ነበር። በ1952 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ሁለቱ ተካፈሉ። ምልክቱ እጅግ ደካማ ነው። በዚያ 1.41 ቴስላ ማግኔት ውስጥ በክፍል ሙቀት ከሚሊዮን ፕሮቶኖች መካከል ወደ አንዱ አቅጣጫ ያደሉት ትርፍ ፕሮቶኖች አምስት ያህል ብቻ ናቸው፤ መሣሪያው የሚሰማው የእነዚያን የአምስቱን ድምፅ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያቆም ኖሮ ለኬሚስት ብዙም ባልጠቀመው፤ ሁሉም ሃይድሮጅን አንድ ድግግሞሽ ይሰጥ ነበርና። ነገር ግን እያንዳንዱን ፕሮቶን በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ከማግኔቱ በጥቂቱ ይጋርዱታል። ፀሐይ ሁሉንም እኩል ብትመታም ዛፍ ሥር የተቀመጠና ሜዳ ላይ የቆመ ሰው እኩል እንደማይሞቃቸው ሁሉ፣ ጎረቤቱ የተለያየ ፕሮቶንም ድግግሞሹ በጥቂቱ ይለያያል። ምሳሌ ከቅርብ ለመውሰድ፣ አረቄ ውስጥ ያለውን ኢታኖልን እንይ። ስድስት ሃይድሮጅኖች አሉት፤ ሦስቱ በአንዱ ካርቦን ላይ፣ ሁለቱ በሌላው ካርቦን ላይ፣ አንዱ በኦክስጅኑ ላይ ናቸው። በ1951 የኢታኖል ምልክት በወረቀት ላይ ሲሣል ሦስት ቁንጮዎች ወጡ፤ ስፋታቸውም እንደ 1፣ 2ና 3 ነበር። ማን የት እንደተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ስንት ሆነው እንደተቀመጡም ተነገረ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚለካው ከሚሊዮን ስንት እጅ እየተባለ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለታችን እንመለስ። በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ መካከል አልፋ ካርቦን የሚባል አለ፤ በላዩም አንድ ሃይድሮጅን ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ጥምዝ ሲሆን የዚህ ሃይድሮጅን ጎረቤቶች በአንድ መልክ ይከቡታል፤ ልቅ ሲሆን አከባበቡ ይለወጣል። በፖሊ ጋማ ቤንዚል ግሉታሜት ላይ የአልፋው ሃይድሮጅን ቁንጮ ጥምዝ በሆነ ጊዜ ከሚሊዮን 4.0 እጅ አካባቢ፣ ልቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ 4.5 አካባቢ ይታያል። ልዩነቱ የግማሽ እጅ ያህል ነው። ግማሽ ትንሽ ይመስላል፤ ለመሣሪያው ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ስለዚህ የመምህሩን ጥያቄ መሣሪያው እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ ቁንጮው 4.0 ላይ ከሆነ ጥምዝ፣ 4.5 ላይ ከሆነ ልቅ።

በእውነተኛ ፕሮቲን ላይ መጀመሪያ የተደረገው ሙከራ ግን ያን ያህል የሚያበረታታ አልነበረም። በ1957 ማርቲን ሳውንደርስ፣ አርኖልድ ዊሽኒያና ጆን ኪርክዉድ 124 አሚኖ አሲድ ያለውን ሪቦኑክሌዝን በ40 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ሲያዩት የወጣው ጥቂት ወፋፍራም ጉብታ ብቻ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሃይድሮጅኖች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ገበያ መሐል እንደመቆም ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ ቃል አይለይም። ለዚህ ነው አንድ ወጥ የሆነው ሰንሰለት ለጥናት የተመረጠው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኛ ለሠልጣኞች ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ 100 እና 220 ሜጋኸርዝ መሣሪያዎች በየላቦራቶሪው ሲገቡ ክሎሮፎርምና ትሪፍሎሮአሴቲክ አሲድ ቀላቅለው ሰንሰለቱን በግማሽ መንገድ ላይ፣ ማለትም ግማሽ ጥምዝ ግማሽ ልቅ ሳለ ተመለከቱት። የታየው አንድ ቁንጮ ሳይሆን ሁለት ሆነ፤ አንዱ በጥምዙ ቦታ፣ ሌላው በልቁ ቦታ። አሲዱ ሲጨመር አንዱ እያነሰ ሌላው እያደገ ይሄዳል።

ይህ ምን ማለት ነው? ለመረዳት የብስክሌት ጎማን እናስብ። ጎማው ቀስ ብሎ ሲዞር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ሲፈጥን ግን ሽቦዎቹ ተዋሕደው እንደ አንድ ስስ ሻሽ ይታያሉ። የማግኔቱ መሣሪያም እንዲሁ ነው። አንድ ሃይድሮጅን ከጥምዝ ወደ ልቅ፣ ከልቅ ወደ ጥምዝ እጅግ በፍጥነት የሚመላለስ ከሆነ መሣሪያው ሁለቱን ቦታ አይለይም፤ በመካከላቸው አንድ ቁንጮ ብቻ ያሳያል። ሁለት ቁንጮ እንዲታይ ሃይድሮጅኑ በእያንዳንዱ ቦታ በቂ ጊዜ መቆየት አለበት። በ220 ሜጋኸርዝ መሣሪያ የግማሽ እጅ ልዩነት ማለት 110 ኸርዝ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ቆይታው ከጥቂት ሚሊሴኮንድ መብለጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ብዙዎች «ጥምዙ የሚፈታው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዱ ክፍል ሚሊሴኮንዶች ይቆያል» ብለው ጻፉ። ከታየው ነገር ተነሥቶ የተደረሰበት፣ ስሕተት የሌለበት የሚመስል ድምዳሜ ነበር።

ችግሩ ሌሎች ዘዴዎች ይህን አለመቀበላቸው ነው። የጀርመኑ ማንፍሬድ አይገን እጅግ ፈጣን የሆኑ የኬሚካል ለውጦችን የሚለካበትን መንገድ አበጅቶ በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ፈሳሹ ሳያስበው ሙቀቱ በድንገት ከፍ ይደረግና ሞለኪውሎቹ በስንት ጊዜ እንደሚስተካከሉ ይለካል። በእንዲህ ያሉ ዘዴዎች፣ እንዲሁም በድምፅ ሞገድና በኤሌክትሪክ መስክ ሲለካ የጥምዙ መፈታትና መጠምዘዝ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ ወይም ከዚያም ያነሰ ጊዜ ብቻ የሚወስድ ሆነ። ልዩነቱ በሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው! አንድ ሰው ከቤት እስከ ገበያ የአንድ ደቂቃ መንገድ ነው ሲል ሌላው አንድ ቀን ይፈጃል እንደማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ደግሞ በደንብ የሚሠራ መሣሪያ ይዘዋል።

እንቆቅልሹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲፈታ ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ አልተገኘም። ጉዳዩ በቱቦው ውስጥ የተጨመረው ናሙና ነበር። ሰንሰለቱ በላቦራቶሪ ሲሠራ ሁሉም እኩል ርዝመት አይኖረውም፤ አንዱ አርባ ጨሌ፣ ሌላው መቶ፣ ሌላው ከዚያም የበለጠ ይሆናል። አጭርና ረጅም ሰንሰለት ደግሞ እኩል አይጠመዘዙም። ገመድ የሚተረተረው ከጫፉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የጥምዙም ጫፎች የሚይዛቸው ትስስር ስለሚጎድላቸው ቀድመው ይላላሉ። ረጅም ገመድ ጫፉ ቢላላ መሐሉ ይቀራል፤ አጭር ገመድ ግን አብዛኛው ጫፍ ነው። በዚያ ላይ ጥምዝን መጀመር ከባድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ትስስር እንድትገጥም ብዙ ጨሌዎች አስቀድመው መስመር መያዝ አለባቸው። ከተጀመረ በኋላ ግን እንደ ዚፕ ይሄዳል። ይህን በሒሳብ መልክ ያስቀመጡት ዚምና ብራግ ሲሆኑ ሥራቸው በ1959 ወጥቷል።

ስለሆነም በዚያው ፈሳሽ፣ በዚያው ሙቀት ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በአብዛኛው ጥምዝ ሆነው ሲቀሩ አጫጭሮቹ በአብዛኛው ልቅ ሆነዋል። እያንዳንዱ ጨሌ በጣም ፈጥኖ ይመላለሳል፤ የረጃጅሞቹ አማካይ ግን ወደ 4.0፣ የአጫጭሮቹ አማካይ ወደ 4.5 ያደላል። ሁለቱ ቁንጮዎች ከዚህ መጡ። ሰንሰለቶቹ በርዝመት ተለይተው እኩያ ከእኩያው ጋር ብቻ ሲለካ ደግሞ ሁለቱ ቁንጮዎች ጠፍተው አንድ ቁንጮ ቀስ በቀስ ከ4.0 ወደ 4.5 ሲጓዝ ታየ። የአይገን ዘዴዎች ልክ ነበሩ፤ የማግኔቱ መሣሪያም አልዋሸም።

ለእኛ ሙያ ቅርብ በሆነ ምሳሌ እናስረዳው። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ፈተና ተሰጥቶ ሃያው 90 አካባቢ፣ ሃያው 10 አካባቢ አመጡ እንበል። የተማሪዎቹን ስም ሳያይ ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው «እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቀን 90 አንድ ቀን 10 የሚያመጣ ወላዋይ ነው» ሊል ይችላል። ከሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀላቅለው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አይልም። በእኛ መካከል በዚህ ምሳሌ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ተመራማሪዎቹ ናሙናው ድብልቅ መሆኑን አያውቁም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ያውቁ ነበር፤ ማንኛውም የፖሊመር ኬሚስት ያውቀዋል። ያልገመቱት ያ የሚያውቁት ነገር በሥዕሉ ላይ ሁለት ቁንጮ እስከማውጣት ይደርሳል ብለው ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው በጣም ገፍቷል። ሪቻርድ ኤርንስት ከዌስ አንደርሰን ጋር በ1966 ሬዲዮውን ቁልፍ እያዞሩ በመፈለግ ፈንታ አጭር ምት ልኮ ሁሉንም ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ መስማት እንደሚቻል አሳዩ፤ ኤርንስት በ1991 ኖቤል ተሸልሟል። ኩርት ቩትሪኽ ደግሞ የትኛው ቁንጮ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደሆነ ለይቶ፣ የትኛው ሃይድሮጅን ለየትኛው እንደሚቀርብ ለክቶ፣ የፕሮቲንን ሙሉ ቅርጽ በፈሳሽ ውስጥ እንዳለ የሚወስንበትን መንገድ በ1980ዎቹ አደረሰ፤ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በዛሬው ጊዜ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ያ የ1957ቱ የገበያ ጫጫታ አሁን ድምፅ በድምፅ ይለያል። ከዚህም የተነሣ ቋሚ ቅርጽ የሌላቸውን፣ ለምሳሌ ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ስሙ የሚነሣውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን እንኳ በፈሳሽ ውስጥ ለማጥናት ተችሏል።

ያቺ ተማሪ አሁን ብትጠይቀን የምንላት ይህ ነው፦ ማንም አላየውም፤ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች ራሳቸው በየተቀመጡበት ሆነው ነገሩን። ባልደረባችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ስለሚመለስ እንዝርትና አንድ ክር ጨሌ ይዞ ሊሄድ ተሰናድቷል።

ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ሁለት ሥዕሎች ለጥፈናል። በላይኛው ድብልቅ ርዝመት ያለው ሰንሰለት ሁለት ቁንጮ ይዞ ይታያል፤ በታችኛው ደግሞ እኩል ርዝመት ያለው አንድ ቁንጮ ብቻ ይዞ ከ4.0 ወደ 4.5 ሲሄድ ተሥሏል። መስመሮቹን የሣልናቸው ሐሳቡን ለማሳየት በእጃችን እንጂ ከመሣሪያ የወጡ አይደሉም። ቁጥሩ ከቀኝ ወደ ግራ እየጨመረ የሚሄደው ስተን አይደለም፤ በዚህ ሙያ የተለመደው አጻጻፍ እንዲያ ስለሆነ ነው።